«ባለቤቴም ብዙ አትቃወምም»፦ ወደ ሞቃት ባሕር ዳርቻ ለመዛወር ላሰቡ ባልና ሚስት

ጥያቄ፦ «እኔ 29፣ ባለቤቴ 27 ዓመታችን ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ልጅ ገና አልወለድንም፤ ግን እያሰብንበት ነው። የምንኖረው ብርድ በሚበዛበት ደጋ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሞቃት ባሕር ዳርቻ ሄደን 10 ቀን ተዝናናን። ከዚያ ወዲህ እዚያ መኖር ከሐሳቤ አልወጣም። እኔ የምሠራው በኢንተርኔት ስለሆነ የትም ሆኜ መሥራት እችላለሁ። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ እዚያ ስንደርስ ሥራ ትፈልጋለች። ባለቤቴም ብዙ አትቃወምም። በአራት ወር ውስጥ ለመሄድ አስበናል። ሙቀቱን እንለምደዋለን? ቤት እንግዛ ወይስ እንከራይ? የቤት ዕቃችንንስ ይዘን እንሂድ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ሙቀት፣ ስለ ቤትና ስለ ዕቃ ብቻ የምትጠይቅ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ «ባለቤቴም ብዙ አትቃወምም» የምትለዋ ላይ ቀረ። ስለዚህ አትቀየመኝና ቤቱንም ዕቃውንም ትንሽ ላቆያቸው።

ሰዎችን ለዝውውር ማዘጋጀት ሥራዬ ነው። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌላ አካባቢ ሲልኩ፣ ሰዎቹ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋር ይመጣሉ። ይህን ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። ወደ ሞቃት ጠረፍ ሄደው ጓዛቸውን ጠቅልለው የተመለሱ ባልና ሚስትም አይቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ «ሙቀቱ አባረረን» ያሉኝ ጥቂት ናቸው። የብዙዎቹ ታሪክ ሌላ ነው። አንዱ መሄድ ፈልጎ ነበር፤ ሌላው ተከትሎ ሄደ።

ጄኮብ ሚንሰር የሚባል የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቤተሰብ ዝውውር የጻፈው ነገር አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤተሰብ ሲዛወር የሚታየው የሁለቱ ጥቅም ተደምሮ ነው። ድምሩ ትርፍ ከሆነ ይሄዳሉ። በዚያ ድምር ውስጥ ግን ብቻውን ቢሆን ኖሮ የማይሄድ ሰው ሊኖር ይችላል። የሱ ሒሳብ ለብቻው ሲሠራ ኪሳራ ነው። ሚንሰር እንዲህ ያለውን ሰው «የታሰረ ተጓዥ» ይለዋል። የታሰረው በገመድ አይደለም፤ በትዳር ነው።

አሁን የእናንተን ሒሳብ እንሥራ። ያንተ ሥራ ላፕቶፕ ውስጥ ስለሆነ አብሮህ ይጫናል። ደመወዝህ፣ አለቃህ፣ ጠዋት ጠዋት የምታወራቸው ባልደረቦችህ ሳይቀሩ አብረውህ ይሄዳሉ። የእሷ ሥራ ግን ይቀራል። ጓደኞቿ ይቀራሉ። ችሎታዋን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ይቀራል። አንተ ላፕቶፑን ዘግተህ ባሕሩን ልታይ ስትወጣ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስትልክ ውላ ትጠብቅሃለች። ሦስተኛው ወር ላይ «እዚህ ያመጣኸኝ አንተ ነህ» የሚለው ነገር ከአፏ ባይወጣ እንኳ ቤቱ ውስጥ መዞር ይጀምራል።

«ብዙ አትቃወምም» ማለት «ትፈልጋለች» ማለት አይደለም። ክርክሩ ሰልችቷት ሊሆን ይችላል። ደስታህን ማበላሸት አልፈልግ ብላም ይሆናል። ወይም ከልቧ ፈልጋ፣ አንተ ቀድመህ ስለተናገርክ ብቻ የእሷ ሐሳብ ያልተሰማ ሊሆን ይችላል። ይህም ያጋጥማል። የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ከደብዳቤህ እንዳየሁት አንተም የምታውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ «እንሂድ ወይ?» ብለህ አትጠይቃት። መልሱ «እሺ» ይሆንና አንድ እርምጃ አትራመዱም። «እኔ ባልኖር ብቻሽን ትሄጂ ነበር? ለምን?» በላት። የራሷ ምክንያት ካላት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ጥሩ መነሻ ነው። ከሌላት ዕቅዱ ይሰረዝ አልልም። አራት ወር ግን ለእሷ አይበቃም። ማመልከቻውን ከዚሁ ሆና ትጀምር። ሥራ ሳታገኝ ብትሄዱ እንኳ፣ በሷ ገቢ ላይ ሳትመኩ ስንት ወር መኖር እንደምትችሉ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ቁረጡ። ለምሳሌ ከሄዳችሁ በዘጠነኛው ወር ላይ ትነጋገራላችሁ። ያን ቀን ከሁለት አንዳችሁ «እንመለስ» ቢል፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ እንዲያስረዳ አይገደድም። ይህ ስምምነት ያላቸው ሰዎች ሲመለሱ እንኳ ተጣልተው አይመለሱም።

እግረ መንገዴን ከተማውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ሁሉ አንድ አይደለም። በእንግዳ የሚኖር ከተማ አለ፤ በወደብ የሚኖር ከተማ አለ። የመጀመሪያው ቆንጆ ነው፤ ሥራው ግን ወቅታዊ ነው። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ጭር ይላል። ሁለተኛው ጫጫታና የጭነት መኪና ይበዛበታል። ግን ጉምሩክ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ማጓጓዣ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። እነዚህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋሉ። አንተ ከየትም መሥራት የምትችል ሰው ስለሆንክ፣ ከተማውን መምረጥ ያለበት የእሷ ሥራ ነው። ባሕሩን ለማየት ግማሽ ሰዓት መንዳት ካለብህ ንዳ።

ወደ 10 ቀኑ ሽርሽር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ሽኬድ እና ዳንኤል ካህነማን አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ካህነማን ኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ፀሐይ በማይጠፋበት በደቡብ ካሊፎርኒያና ክረምቱ በሚከብደው የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የሚኖሩ ተማሪዎችን በሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚረኩ ጠየቋቸው። የሁለቱም እርካታ ተቀራራቢ ነበር። የሚገርመው ግን፣ ሁለቱም ወገኖች የካሊፎርኒያ ሰው ይበልጥ ደስተኛ ይሆናል ብለው ገምተው ነበር። ስለ ሌላ ቦታ ስናስብ ዓይናችን የሚያርፈው በሚለየው ነገር ላይ ነው። ፀሐዩ ላይ፣ ባሕሩ ላይ። እዚያ የሚኖር ሰው ግን ጠዋት ተነስቶ የሚያስበው ስለ ሥራው፣ ስለ ኪራዩና ስለታመመችው እናቱ ነው። ባሕሩ እዚያው ነው፤ አያየውም።

እናንተም በእነዚያ 10 ቀናት ሥራ አልነበራችሁም። ልብስ አላጠባችሁም። ምሽቱን ሁሉ አብራችሁ ነበራችሁ። ደስ ያላችሁ ባሕሩ ነው ወይስ ዕረፍቱ? ይህን የምትለዩበት አንድ መንገድ አለ። ተመልሳችሁ ሂዱ። ግን በሚያምረው ወር ሳይሆን በመጥፎው ወር ሂዱ። ሦስት ሳምንት ተከራዩ። አንተ ሙሉ ሰዓት ሥራ። እሷ የሥራ ቃለ መጠይቅ ካገኘች ትሂድ፤ ካላገኘችም መሥሪያ ቤቶቹን እየዞረች ትይ። ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡ። ሲነጋ ላብ በላብ ሆናችሁ ተነስታችሁ አሁንም «እዚህ እንኑር» ካላችሁ፣ ያኔ አምናችኋለሁ።

አሁን ሙቀቱ። ደረቅ ሙቀት ሌላ ነው፣ ወበቅ ሌላ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ አይተንም፤ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። የአየሩ ሙቀት 32 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 40 በመቶ ከሆነ፣ ለሰውነት የሚሰማው 33 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያው 32 ዲግሪ እርጥበቱ 70 በመቶ ሲደርስ ግን 41 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የከተማውን አማካይ ሙቀት ብቻ አይቶ «ይቻላል» ማለት ያሳስታል።

የአየር ሁኔታ በሚያሳዩ መተግበሪያዎች ላይ «የጤዛ ነጥብ» የሚባል ቁጥር አለ፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት ነው። እሱን ተመልከቱ። ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ አየሩ ቀላል ነው። ከ20 ሲያልፍ ይከብዳል። 24 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ያፍናል። ይህ ቁጥር ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የሌሊቱ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከጤዛ ነጥቡ በታች አይወርድም። የጤዛው ነጥብ 26 ከሆነ ሌሊቱም ከ26 እምብዛም ዝቅ አይልም። ከደጋ የሄደን ሰው የሚያስደነግጠው ቀኑ ሳይሆን ይህ ነው። ደጋ ላይ ቀኑ ቢያቃጥል እንኳ ማታ ይበርዳል። ጠረፍ ላይ ማታውም ቀን ነው። እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ሰው ይነጫነጫል። የባልና ሚስት ጠብ ግማሹ እዚያ ነው የሚወለደው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

«እንለምደዋለን?» ላልከው፣ አዎ። ጤነኛ ሰው ቀስ በቀስ ሙቀት ውስጥ ከተንቀሳቀሰ፣ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውነቱ ይለወጣል። የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል። ላቡ ቶሎ ይጀምራል፤ ጨው ይቀንሳል። ልብ ሥራው ይቀለዋል። ችግሩ፣ ቀኑን ሙሉ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ባለበት ክፍል ተቀምጦ የሚውል ሰው አይለምድም። ለምዶ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ብርድ አገር የተመለሰም የለመደውን ይረሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋትና አመሻሽ ላይ ትንሽ ትንሽ ተራመዱ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ጥላ ፈልጎ ማረፍና ውኃ መጠጣት ነው። አንዱ ግራ ቢጋባ፣ ንግግሩ ቢዛባ ወይም ራሱን ቢስት ግን ያ ድካም አይደለም። አቀዝቅዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ልጅ እያሰባችሁ መሆኑ ይህን ክፍል ያከብደዋል። ብዙ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት ኃይለኛ ሙቀትን ካለጊዜው ከመውለድ ጋር አያይዘውታል። ይህ ማለት ጠረፍ ላይ አይወለድም ማለት አይደለም፤ ስንት ሕዝብ እየወለደ ነው። ግን ያልለመደ ሰውነት፣ እርግዝናና የዓመቱ ሞቃት ወር ሦስቱ አንድ ላይ ባይገጥሙ ይመረጣል። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሐኪም አማክሩ፤ እዚያ የምትወልድበትን ሐኪም ቤትም አስቀድማችሁ እወቁ።

ትንኝም አለ። የወባዋ ትንኝ የምትነክሰው በአብዛኛው ማታና ሌሊት ስለሆነ አጎበር ይረዳል። ዴንጊና ዚካ የሚባሉትን በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ቀን ነው የምትነክሰው፤ የአልጋ አጎበር ብቻውን አይበቃም። የምትራባውም ንጹሕ በሚመስል በተጠራቀመ ውኃ ላይ ነው። የአበባ ማስቀመጫ ሥር፣ ክፍት በርሜል፣ የተጣለ ጎማ ትወዳለች። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ሊበቃት ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን እየዞራችሁ ውኃውን ድፉ። ዚካ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የታወቀ ስለሆነ፣ የምትሄዱበት አካባቢ እሱ ካለበት ስለ እርግዝናው ጊዜ ከሐኪም ጋር መነጋገር የግድ ነው።

ቤቱ። ተከራዩ። ይህ ላይ ብዙ አልከራከርም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሳታዩ አትግዙ። የቆላ ጠረፍ ቤት ባሕርዩን የሚያሳየው በመጥፎ ወሩ ነው፤ ሻጭ ደግሞ በመጥፎ ወር ቤት አያሳይም።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ የዛሬ ስንት ዓመት እንዲሁ ወደ ጠረፍ ሄደን ነበር። ቤቱን ያየነው በዓመቱ ቀዝቃዛ ወር ነው። መስኮቱ ባሕሩን ያያል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሳሎኑ ወርቅ ይሆናል። የሁለት ዓመት ውል ፈረምን። ሙቀቱ ሲገባ ነው የገባን። ያ ወርቅ የሚሆነው ሳሎን ወደ ምዕራብ የዞረ ነው፤ ከቀትር በኋላ ምድጃ ነው። መኝታ ቤቱ መስኮት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ይገባል እንጂ መውጫ የለውም። በአራተኛው ወር የሠርጌን ሱፍ ላወጣ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ኮቱ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ቆሞ አገኘሁት። ባለቤቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እናንተ ቤት ስታዩ ከቀትር በኋላ ሂዱ። መስኮት በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ መኖሩን እዩ። ቁም ሣጥኖቹን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ቀለም ቢቀባም አይደበቅም። በረንዳው ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ቡናማ እድፍ፣ ስንጥቅ ወይም የተላጠ ሲሚንቶ ካለ ጨዉ ውስጡ ያለው ብረት ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የባሕር ጨው አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣ ነገር ነው፤ በጣም የሚበላው ከውኃው ዳር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። ስለዚህ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ መከራየት ኪራዩን ብቻ ሳይሆን መኪናችሁን፣ ኤሲውንና ላፕቶፕህንም ያተርፋል። ውጭ የምትገጥሙትን ብሎንና ማጠፊያ ስትገዙ፣ «አይዝግም» የተባለ ብረት ሁሉ እኩል አይደለም። 316 የሚል ቁጥር ያለው ዓይነት ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት፣ 304 ከሚባለው ዓይነት በተሻለ ጨውን ይቋቋማል።

ውኃው ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ። በጠረፍ ከመሬት ሥር ጣፋጩ (ጨው የሌለበት) ውኃ በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። እንደ ተለመደው ስሌት፣ ጣፋጩ ውኃ በአንድ ሜትር ዝቅ ሲል ጨዋማው ወደ 40 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የጉድጓድ ውኃ ያለበት ቤት ከሆነ፣ በደረቁ ወቅት መጨረሻ ላይ ቅመሱት።

ማዕበልና አውሎ ነፋስ ሁሉም ሞቃት ጠረፍ ላይ የለም። ሐሩራዊ አውሎ ነፋስ ለመፈጠር 26.5 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ የሞቀ ባሕር ይፈልጋል፤ ከምድር ወገብ በ5 ዲግሪ ክልል ውስጥ ደግሞ እምብዛም አይፈጠርም። በአትላንቲክ ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። እንዲህ ያለ አካባቢ ከሆነ የምትጠይቁት የነፋሱን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ነው። በብዛት የሚገድለው ውኃው ነውና። ሱናሚ ደግሞ ሌላ ነው፤ ባሕሩ ድንገት ወደ ኋላ ቢሸሽ ወይም መሬቱ ለረጅም ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ማስጠንቀቂያ ሳትጠብቁ ወደ ከፍታ ሩጡ። ስትዋኙ የባሕሩ ጅረት ወደ ጥልቁ ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ከባሕሩ ዳር ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ከወጣችሁ በኋላ ወደ ዳር ተመለሱ።

ያንተን ሥራ በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ። ሥራህ መብራትና ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሦስት ሳምንት ስትሞክሩ በየቀኑ ስንቴ እንደሚቋረጥ መዝግብ። ለአሠሪህም የምትኖርበት አካባቢ መቀየሩን በጽሑፍ አሳውቅ፤ ግብርና የውል ጣጣ ሊኖረው ይችላል።

በመጨረሻ ዕቃው። ከችፑድ የተሠራ ነገር አትጫኑ፤ እርጥበቱ ያሳብጠውና ይፈረካከሳል። ቆዳ ሶፋ ሻጋታ ያወጣል። መጽሐፍ ከወሰዳችሁ በጥቂቱ። ጠንካራ እንጨት ይችላል፤ መሳቢያው ግን እያበጠ ይጣበቃል። የቀረውን አትሽጡት። ዘጠነኛው ወር እስኪያልፍ ዘመድ ቤት አስቀምጡት፤ የሚመለሱበት አልጋ እንዳለ የሚያውቁ ሰዎች ስለ መመለስ በግልጽ ለመነጋገር አይፈሩም።

ብርድ ልብስ ግን አንድ ያዙ። ኤሲ ባለበት ክፍል ስትተኙ ከሁለት አንዳችሁ መብረዱ አይቀርም። በሪሞቱ የምትጣሉትን ጠብ ደግሞ እዚያ ስትደርሱ ትጽፉልኛላችሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን ደብዳቤውን እሷ ትጻፈው።